ትንሽ ሳህን፣ ስድስት ጊዜ

ከዳላስ በስተሰሜን በምትገኘው በፋርመርስ ብራንችና በአካባቢዋ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያን ሕሙማንን የምትከታተል ኢትዮጵያዊት ነርስ፣ ከልጆቻቸው ደጋግማ የምትሰማው አቤቱታ አለ፦ «እማዬ ከሳችብን።» ይህ የሚነሳው ስለ ሳሉና ስለ ትንፋሹ ሁሉ ከተወራ በኋላ ነው። «መቼም እርጅና ነው» ብለው የሚያልፉትም አሉ። እሷ ግን አታልፈውም። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሲከሳ፣ ክሳቱ ራሱን የቻለና ሊታከም የሚችል ችግር ነው።

ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉት፣ የአየር ቧንቧዎችን እያጠበበ ትንፋሽ የሚያሳጥረው ሕመም በአሜሪካ በዋነኛነት ከሲጋራ ጋር ይያያዛል። ከአገር ቤት የመጡ ብዙ እናቶች ግን ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ሳንባቸውን የጎዳው ጭስ መውጫ በሌለው ማድ ቤት ለዓመታት የነደደው እንጨትና ኩበት ነው። ድሮ የታከሙት የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ትቶባቸው የሚቸገሩም አሉ።

ጤነኛ ሰው ለመተንፈስ የሚያወጣው ጉልበት እምብዛም አይደለም። የታመመ ሳንባ ግን የደረት ጡንቻዎችን ቀን ከሌት ስለሚያደክም፣ ሰውየው ሶፋ ላይ ተቀምጦም ካሎሪ ያቃጥላል። በዚያ ላይ መብላቱ ራሱ ሥራ ይሆንበታል፤ ሲያኝክና ሲውጥ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ሆዱ ሲሞላ ደግሞ ድያፍራም የተባለው የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ታች መውረጃ ያጣል። ስለዚህ ከሦስትና ከአራት ጉርሻ በኋላ «በቃኝ» ይላል። ቤተሰብ ይህን ከምግብ ጥላቻ ይቆጥረዋል፤ እሱ ግን ያጠረው አየር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው ቦድ የተባለው የሲኦፒዲ አደጋ መለኪያ፣ ክብደት ከቁመት ጋር ተሰልቶ የሚገኘው ቁጥር 21 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ የአደጋ ነጥብ ይጨምራል። ይህ ቁጥር ለሌላው ሰው ጤናማ ከሚባለው ውስጥ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1998 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ደግሞ፣ ከከሱት ሕሙማን መካከል በስምንት ሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ የጨመሩት የተሻለ ዕድሜ እንዳገኙ አሳይቷል። ነርሷ ለቤተሰብ ደጋግማ የምታነሳው ይህንን ሁለተኛውን ነው፤ የወረደ ክብደት ሊመለስ እንደሚችል ሰው ካላመነ አይጀምርምና።

የሚከብደው የማዕዱን ልማድ መለወጥ ነው። ሙሉ ትሪ ቀርቦ «በሞቴ፣ ይህችን ብቻ» ሲባል የታመመው ሰው ገና ሳይጀምር ይደክመዋል። እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ለክብደቱ ያህል ጉልበት አይሰጥም። ሽሮውና ክኩ ጋዝ የሚያበዛባቸው ሰዎች ደግሞ የተነፋው ሆዳቸው ትንፋሻቸውን ይጫነዋል። የነርሷ ምክር እንጀራው ይቅር አይደለም፤ ቁራሹ ይነስ፣ ወጡ ይብዛ፣ ሳህኑ ትንሽ ሆኖ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይቅረብ ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስታርች የሚሰጠው 4 ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ የገባበት ገንፎ፣ በወተት የተሠራ አጥሚት፣ እንቁላል የተጨመረበት ፍርፍር ለዚህ ሕመም በጣሳ ከሚሸጡ ብዙ ውድ አልሚ መጠጦች አያንሱም። የልብ ችግር ላለበት ቅቤው በዘይት ይተካል። ውሃና ሻይ ከምግቡ በፊት ሳይሆን በኋላ ቢጠጡ ለምግቡ ቦታ ይተርፋል። ኦክስጅን የታዘዘለት ሰው ሲበላ የአፍንጫውን ቱቦ ማውለቅ የለበትም፤ ብዙዎች እንግዳ ፊት አፍረው ያወልቁታል። ቡናው ሲፈላ ግን ከሰሉና ዕጣኑ ከሕሙማኑ ክፍል መራቅ አለበት፤ ጭሱ ያፍናቸዋል፣ ኦክስጅን ባለበት እሳትም አደገኛ ነው።

ጾሙስ? ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ እናቶችም በቀላሉ አይለቁትም። ነርሷ በዚህ አትከራከርም፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን እንደማታስገድድ አስታውሳ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ትጠይቃለች። መጾሙን ከመረጡም ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ለውዝና አቮካዶ አሉ። እሷን ይበልጥ የሚያሳስባት እስከ ቀትር በኋላ ሳይበሉ መቆየቱ ነው።

ምግብ ብቻውን ስብ ሊጨምር ይችላል፤ ጡንቻ ግን ያለ እንቅስቃሴ አይመለስም። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ የላስቲክ ገመድ መሳብ፣ ቀስ እያሉ መራመድ ይጠቅማሉ። የበጋ ሙቀትና የኦዞን ማስጠንቀቂያ ባለበት የዳላስ ቀን ይህ በማለዳ ወይም ቤት ውስጥ ይደረጋል። ሜዲኬር መካከለኛና ከዚያ በላይ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሲኦፒዲ በባለሙያ የሚመራ የሳንባ ተሃድሶ እስከ 36 ጊዜ ይሸፍናል፣ የድርሻ ክፍያ ቢኖረውም። የሐኪም ማዘዣ ይፈልጋል፤ ቤተሰብ ካልጠየቀ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ይቀራል። መጠየቅ ነው።

ሳይታሰብ የመጣ ክሳት ሁሉ በሳንባው አይሳበብም፤ ሐኪሙ ነቀርሳን፣ ካንሰርንና የእንቅርት ዕጢን መመርመር ይኖርበታል። መጨመሩም ሁልጊዜ የምሥራች አይደለም። ሚዛኑ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ብዙ ፓውንድ ሲዘል ልጆቹ ይደሰታሉ፤ ነርሷ ግን ካልሲውን ዝቅ አድርጋ ቁርጭምጭሚቱን በጣቷ ትጫናለች። ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ከቀረ፣ የጨመረው ሥጋ ሳይሆን ልብ ሲደክም የሚጠራቀም ውሃ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለሐኪሙ ትደውላለች።