ፈረሱም ጋላቢውም በደኅና እንዲመለሱ

ስለ ፈረስ ግልቢያ ስንጫወት ጀግንነቱን እናነሣለን እንጂ ጥንቃቄውን የምናነሣው ጥቂት ጊዜ ነው። ዛሬ ግን ስለ ጥንቃቄው እንነግራችኋለን።

የሦስት ፈተና ግልቢያ የሚባለው ውድድር የአውሮፓ ጦር መኰንኖች ፈረሳቸውን የሚፈትኑበት ነበረ፤ በ1912 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በስቶክሆልም ከኦሎምፒክ ጨዋታ ገባ። ፈረሱ በመጀመሪያ በሥርዓት ይራመዳል፤ ሁለተኛ በሜዳ የተተከለውን ጽኑ መሰናክል ይዘላል፤ በመጨረሻም ሲነካ የሚወድቀውን አግዳሚ ይዘላል።

አደጋው በሁለተኛው ነው። ግንዱ የማይነቃነቅ ነውና፥ ፈረሱ በፊት እግሩ ቢመታው ራሱ ተገልብጦ በጋላቢው ላይ ሊወድቅ ይችላል። በ1999 በብሪታንያ ብቻ 5 ጋላቢዎች በዚህ ውድድር ሞቱ።

ከዚህ ኀዘን በኋላ ባለሙያዎች ግንዱን በሚሰበር ችንካር መያዝን አሰቡ። ፈረሱ በኀይል ሲመታው ችንካሩ ተሰብሮ ግንዱ ይወርዳል፤ ፈረሱም እግሩን ለማስለቀቅ ፋታ ያገኛል። ችንካሩን ያሰበረ ጋላቢ 11 የቅጣት ነጥብ ስለሚቈጠርበት ብልሃቱ ለቸልተኝነት በር አይከፍትም። ብዙ ጋላቢዎችም ሲወድቁ በጋዝ የሚነፋ ሰደርያ ይለብሳሉ፤ የእንስሳት ሐኪምም ፈረሱን ይመረምራል።

ነገር ግን ችንካርና ሰደርያ የጋላቢውን ማስተዋል አይተኩም። ፈረስ ደከመኝ ብሎ መናገር አይችልም፤ ድካሙን ማወቅ የጌታው ፈንታ ነው። እንግዲህ ልጆቻችሁን ግልቢያ የምታስተምሩ ወላጆች ሆይ፥ መዝለልን ከማስተማራችሁ አስቀድሞ ልጓም መሳብን አስተምሯቸው። የደከመ ፈረስን ይዞ ከመሰናክሉ ፊት መመለስ ውርደት አይደለም፤ እርሱም ጀግንነት ነው።