ሉተር በኮሚኒስቶች ቴሌቪዥን

እ.ኤ.አ. በ1983 የምሥራቅ ጀርመን ቴሌቪዥን «ማርቲን ሉተር» የተሰኘ ባለ አምስት ክፍል ታሪካዊ ድራማ አስተላለፈ። ያዘጋጀው ኩርት ፌት ሲሆን ሉተርን ሆኖ የተወነው ኡልሪክ ታይን ነው። «እግዚአብሔር የለም» የሚል ፓርቲ በሚገዛው አገር፣ በመንግሥት ገንዘብ፣ ነፍሱ እንዴት እንደምትድን ሲጨነቅ ስለኖረ አንድ መነኩሴ ይህን ያህል ሰፊ ሥራ መሠራቱ ያስደንቃል።

ምክንያቱም ሉተር በዚያ መንግሥት ዘንድ ለብዙ ዘመን የመሳፍንት ሎሌ እየተባለ ሲነቀፍ ኖሯል። ገበሬዎች በ1525 ሲያምፁ፣ መሳፍንቱ ያለ ርኅራኄ እንዲመቷቸው በጽሑፍ ቀስቅሷል። እኔም ይህን ጽሑፉን ይቅር ልለው አልቻልኩም። ኮሚኒስቶቹ ጀግና ያደረጉት ከገበሬዎቹ ጋር የቆመውንና ከሽንፈቱ በኋላ አንገቱን የተቀላውን ቄስ ቶማስ ሙንትዘርን ነበር። በ1956 ፊልም ሠሩለት፤ ኋላም መልኩን በአምስት ማርክ ኖት ላይ አተሙት።

ሐሳባቸውን ያስቀየራቸው 500ኛው የሉተር የልደት በዓል ነው። ሉተር የተወለደባትና የሞተባት አይስሌበን፣ ያስተማረባት ቪተንበርግ፣ ተሸሽጎ አዲስ ኪዳንን የተረጎመበት የቫርትቡርግ ግንብ በምሥራቁ ክፍል ነበሩ። ሁለቱ ጀርመኖች የአባቶችን ታሪክ በሚሻሙበት ጊዜ ይህን ለምዕራቡ መተው አልሆነላቸውም። በ1980 የበዓሉ ኮሚቴ ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ ራሱ የአገሪቱ መሪ ኤሪክ ሆኔከር ሆነ።

ታሪኩ ደግሞ ለድራማ የተሠራ ይመስላል። በ1517 የኃጢአት ሥርየት በገንዘብ መሸጡን በመቃወም 95 ነጥቦች ያወጣ መምህር፣ በ1521 ቮርምስ ላይ በንጉሠ ነገሥቱ በካርል አምስተኛ ፊት ቆሞ «መጻሕፍትህን ካድ» ሲባል እምቢ ይላል። ከዚያ ጢሙን አሳድጎ፣ ስሙን ለውጦ፣ እንደ ባላባት ለብሶ ግንብ ውስጥ ይደበቃል። እዚያ በ11 ሳምንት ገደማ አዲስ ኪዳንን ከግሪክኛ ወደ ጀርመንኛ መለሰ። ቃሉን የፈለገው እናት በቤቷ፣ ልጆች በመንገድ፣ ተራው ሰው በገበያ ከሚናገሩት ነበር። የዚህን ትዕይንት ክብደት፣ መጽሐፍ ቅዱስን በእናቱ ቋንቋ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ድራማ ሳስብ ግን ልቤ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። የሉተር ልጆች ከሆኑት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ናት። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ መንግሥት ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ከዚያ በአራተኛው ወር ሆኔከር የደርግ እንግዳ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ። ወደ አገሩ በተመለሰ በዓመቱ ውስጥ የሉተር በዓል ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሆነ። የቄስ ጉዲና ዐፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ በ1984 ዓ.ም. በክብር ተቀበረ።