ስህተቴ የሚገለጠው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ዓባይ በረሃ?

ቪትዝ አለችኝ። በፈረንጆች 2003 የተሠራች፣ ባለ 1 ሊትር ሞተር፣ አውቶማቲክ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከመብዛቷ የተነሳ ማንም ዞር ብሎ የማያያት መኪና። ሰባት ዓመት አብረን ስንኖር አንዳንዱን ነገር ራሴ ፈትቻለሁ፣ አንዳንዱን ጋራዥ ወስጃለሁ፣ አንዳንዱን ደግሞ ራሴ ፈትቼ ካበላሸሁ በኋላ ጋራዥ ወስጃለሁ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ካንዴላ ራሴ ብቀይር ችግር አለው?»፣ «የፍሬን ሸራስ?»፣ «ኤልኢዲ መብራትስ?» የምትሉኝ ስለበዛችሁ እኔ እንዴት እንደምወስን ልጻፍላችሁ። መካኒክ አይደለሁም። የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ እጄ ግራሶ የሚነካው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ዘይትና ፊልትሮ ለመቀየር ተነሳሁ። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አይቻለሁ፣ ቱታ ሁሉ ገዝቻለሁ። አሮጌውን ፊልትሮ ፈታሁ፣ አዲሱን አጠበቅሁ፣ ዘይቱን ሞላሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ሳላይ የቀረሁት አንድ ነገር ነበር፦ የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ኖሯል፤ አዲሱን ከነቀለበቱ በላዩ ላይ ገጥሜዋለሁ። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ግፊት አይችልም። ቁልፉን ካዞርኩ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ የገዛሁት ዘይት አብዛኛው የግቢው ሲሚንቶ ላይ ተኛ። የቤት አከራዬ እትዬ ወጥተው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «እንዲህ ከምትደፋው ለአጥሩ እንጨት ባደረግኸው፤ ምስጥ ጨረሰው እኮ» አሉኝ። ሞተሩን ወዲያው ስላጠፋሁት ምንም አልሆነም። የከሰርኩት ዘይቱንና ክብሬን ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ከዚህ ይለያል። የፊት ፍሬን ሸራ ራሴ ቀየርኩ። ሥራው ከዘይት ቅያሪ ብዙም አይከብድም፤ ጎማ ይወርዳል፣ ሁለት ብሎን ይፈታል፣ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ አዲሱ ሸራ ይገባል። ፔዳሉን ረገጥኩት፣ ጠንካራ ነበር። ሰፈር ውስጥ ዞርኩ፣ እስከ አያት ሄጄ ተመለስኩ። እንከን የለም። በራሴ ኮርቼ ለጓደኞቼ ፎቶ ላክሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቅሶ ልደርስ ወደ ደብረ ማርቆስ ጉዞ ጀመርኩ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። እኔ ማርሹን ዲ ላይ ትቼ በፍሬን ብቻ እወርድ ነበር። ግማሽ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ከዚያ ፔዳሉ ለስለስ አለ። ቀጥሎ ያለው ኩርባ ላይ ስረግጠው ወለሉ ድረስ ሄደ። ማርሹን ወደ 2፣ ከዚያ ወደ ኤል አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬን ቀስ እያልኩ ሳብኩ፣ ተራራው በኩል ባለው ዳር ቆመች። ከኋላዬ ይመጣ የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ ወርዶ ጎማዬን አየና ውሃ እንዳላፈስበት አስጠነቀቀኝ፤ የጋለ ብረት በአንድ ጊዜ ቢቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ያን ቀን የሰጠኝን ዳቦ አልረሳውም።

አዲስ አበባ ስመለስ መካኒኬ ጋሼ ሥራዬን ፈታትቶ አየውና «ሸራውን ደህና አድርገህ ነው የገጠምከው» አለኝ። ከዚያ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ከፍቶ አሳየኝ። ጀበና ውስጥ ያደረ ቡና ይመስላል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን 140 ገደማ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሠራል። ዘይት አይጨመቅም፣ አረፋ ይጨመቃል፤ እግራችሁ ጎማውን መያዙ ቀርቶ አረፋውን ሲጨምቅ ይውላል። እኔ ሸራ ቀየርኩ እንጂ ዘይቱ ስንት ዓመት እንደቆየ አልጠየቅሁም። ጋሼ ቢሠራው ኖሮ ክዳኑን በከፈተ ቅጽበት ያየው ነበር።

እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ የተማርኩት «ይሄ ሥራ ከባድ ነው ወይስ ቀላል?» ብሎ መጠየቅ ከንቱ መሆኑን ነው። ሁለቱም ቀላል ናቸው። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ብሳሳት ስህተቴ የት ይገለጣል? ግቢ ውስጥ፣ መኪናዋ ቆማ፣ እትዬ እያዩኝ ከሆነ እሠራዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዓባይ በረሃ ከሆነ ጋሼ ይሠራዋል።

በዚህ መንገድ ሲታይ ለኔ የሚደርሰኝ ሥራ ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው። ዘይትና ፊልትሮ እቀይራለሁ፤ አሁን አሮጌውን ቀለበት በጣቴ ዳስሼ ካላገኘሁት አላርፍም። የአየር ፊልትሮውን በበጋ አቧራ ቶሎ ቶሎ አወጣዋለሁ። የባትሪውን ነጭ ዝገት በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥባለሁ፤ ስፈታ ከኔጋቲቩ ጀምሬ፣ ስገጥም በኔጋቲቩ ጨርሼ። ክረምት ከመግባቱ በፊት የዝናብ መጥረጊያ ጎማ፣ የፍሬቻና የስቶፕ አምፖል፣ የራዲያተር ውሃ። ሞተሩ ሲግል ግን ክዳኑን አልነካም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት ብቻ ነው። ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱን ለፈላ ውሃ ሰጠ ማለት ነው።

ጎሚስታ ጎማ ካሠራሁ በኋላም ቤት ስደርስ የጎማውን ዳዶዎች እንደገና አያለሁ። ቶዮታ ለትናንሽ መኪኖቹ የሚያዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች የሌለው ሰው በግምት 35 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ያህል ቢጫን እዚያው አካባቢ ይደርሳል። የአየር ሽጉጡ ግን ከዚያ እጅግ አልፎ ያጠብቀዋል፤ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባችሁ ስኮርታ ልትቀይሩ ስትሉ ዳዶው እምቢ የሚላችሁ በዚህ ምክንያት ነው። እግረ መንገዴን፦ መኪና በክሪክ ብቻ ተይዛ ሥሯ የሚገባ ሰው ስህተቱ ግቢ ውስጥ ይገለጣል፣ ግን አይጽፍላችሁም። ሥሯ የምገባው በወፍራም የብረት መደገፊያ ስትያዝ ብቻ ነው።

ካንዴላ ትንሽ ያስቸግራል። ብትሳሳቱ ግቢ ውስጥ ታውቁታላችሁ፤ ሆኖም ካንዴላው የሚገባበት ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ ካንዴላውን አጣሞ ያስገባ ወይም በጉልበት ያጠበቀ ሰው ጥርሱን ይበላዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ አለኝ፦ ስህተቱን ለማረም ስንት እከፍላለሁ? ካንዴላ የምትቀይሩ ከሆነ ሞተሩ ይብረድ፣ መጀመሪያ በመፍቻ ሳይሆን በጣት አዙሩት፣ ጣታችሁ እምቢ ካለ አውጡትና እንደገና ጀምሩ።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄ እኛ አገር ከሌላው ይብሳል። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ሰውዬ የሚሠራው የሠራተኛ ክፍያ ስለሚወደድበት ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ፍሬኑን ራሱ ይቀይራል፤ ጋራዥ በሰዓት ከ100 ዶላር በላይ ስለሚጠይቀው። መለዋወጫ መደብሩ መሣሪያ በመያዣ ያውሰዋል፣ ዕቃው ልክ ካልሆነ ደረሰኙን ይዞ ይመልሳል። እኛ ጋ ግን የእጅ ዋጋው ከዕቃው ዋጋ ያንሳል። ግድግዳው ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተጽፏል። የገዛችሁትን ሴንሰር ስትገጥሙ ብትሰብሩት ያጣችሁት የጋሼን የሁለት ሰዓት ሥራ ሳይሆን የሁለት ሳምንት ደሞዛችሁን ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና አስወደደ፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ አሁን ያለችን አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ትሄዳለች።

ታዲያ ገንዘብ ካልቆጠብኩ ለምን እሠራለሁ? ምን እንደገባባት ስለማውቅ ነው። የዘይቱን ጣሳ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዕቃም ራሴ እገዛለሁ፤ አሮጌውን በፌስታል ይዤ ሶማሌ ተራ እወርዳለሁ፣ ጎን ለጎን አስቀምጬ አመሳስላለሁ። እዚያ ስትሄዱ ቋንቋውን ያዙ፤ ጋራዥ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፦ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ፣ ቴስታታ። «ስፓርክ ፕለግ» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ዋጋው እዚያው ይጨምርባችኋል። (የተሰረቀበትን ስፖኪዮ እዚያው ሄዶ መልሶ የገዛ ሰው ቀልድ ይነገራል። ስሰማው ብዙም አልስቅም፤ የኔም ግራ ስፖኪዮ ጠፍቶ ያውቃል።)

አሁን ስለ ማስዋብና ማሻሻል። ስክሪን ቴፕ፣ የኋላ ካሜራ፣ የወንበር ልብስ፣ ምንጣፍ፣ እነዚህን ግቡባቸው። ወንበሩ ጎን ላይ ኤርባግ ካለው ግን ልብሱ እንዳይከድነው፤ መሪውንም ለማንሳት አትሞክሩ። ሽቦ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ቀስ በሉ። ፊውዝ የሚጠብቀው ሬዲዮኑን ሳይሆን ሽቦውን ነው። 15 አምፔር የተጻፈበት ቦታ ላይ 30 የሰካ ወይም የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የጠቀለለ ሰው ሽቦውን ራሱን ፊውዝ አድርጎታል፤ የሚቃጠለው እሱ ነው፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ፣ ምናልባትም ሌሊት መኪናዋ ቆማ። አዲስ ዕቃ ስታስገቡ የራሱን መስመር ከነፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ስጡት። ይህን ካልቻላችሁ ኤሌትሪሻን ዘንድ ሂዱ።

ኤልኢዲ የፊት መብራት ላይ ብዙዎቻችሁ ትቀየሙኛላችሁ። መግጠሙ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ነገር ግን የአሮጌ መኪና መብራት ቤት የተሠራው ለሃሎጅን አምፖል ነው፤ ብርሃኑን የሚሰበስበው ክሩ በትክክል ባለበት ቦታ ተለክቶ ነው። ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ሲመነጭ ይበተናል። ለናንተ መንገዱ የነጣ ይመስላችኋል፤ ስህተቱ የሚገለጠው ፊት ለፊት ለሚመጣው ሹፌር ነው፣ እሱ ደግሞ መጥቶ አይነግራችሁም። እኔ አወጣሁት። የደበዘዘውን የመብራት ፕላስቲክ አሸት አሸት አድርጌ ጥሩ ሃሎጅን አስገባሁ፣ በቃኝ።

መኪናዋን በስፔሰር ከፍ ማድረግም እንዲሁ ነው። ለመንገዳችን እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፣ የኔም ከፍ ብላለች። ግን ያሠራሁት ጋራዥ ነው፣ ወዲያው አላይመንት አስደርጌ። የአክስሉ አንግል ስለሚቀየር የጎማ ሽፋኑ ቶሎ ይቀደዳል፤ በየወሩ አጎንብሼ ግራሶ ተረጭቶ እንደሆነ አያለሁ። ጉልበት እንጨምር የምትሉትን ግን ተዉት። የኔ ሞተር ፋብሪካ ሲወጣ 70 ፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ያለ ስስ አየር ከአምስት እጅ አንዱን ወስዶበታል። ክፍት ፊልትሮ ብትገጥሙለት የሚያገኘው ድምፅና አቧራ ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ፦ ጎማ፣ መጥረጊያ፣ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ የናንተ ናት። ብርቱካናማ ሽቦ ስታዩ እጃችሁን ሰብስቡ፤ እዚያ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ከ300 ቮልት በላይ ነው። ለመማር ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም።

የፍሬን ሸራ አሁንም ራሴ እገዛለሁ። ጋሼ ይገጥመዋል፣ እኔ ፔዳል እረግጥለታለሁ፣ አየሩ እስኪወጣ አዲሱ ዘይት በቱቦው ሲወርድ እያየሁ። ለበዓል ወደ ጎጃም የምትወርዱ ካላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት የፍሬን ዘይታችሁ መቼ እንደተቀየረ መካኒካችሁን ጠይቁት። ሁለት ዓመት ካለፈው አስቀይሩት፤ ቁልቁለቱንም በማርሽ ውረዱ።