የዝርያ ብዛት ለሰብል ደኅንነት ያለው ጥቅም

በአንድ ማሳ ላይ ያለው ሰብል፣ ነፍሳቱ፣ በአፈር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕያዋንና የበሽታ ተሕዋስያን እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው። በዚህ ትስስር ውስጥ የዝርያ ብዛት ለገበሬው መድን ነው። በዚህ ጽሑፍ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጉዳዩን በተለይ በስንዴ ምሳሌነት እናስረዳለን።

አንድ ዝርያ ብቻ ሲዘራ

እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በወረርሽኝ መልክ በተነሣ ጊዜ፣ ሰፊ መሬት ይዘው የነበሩት ኩብሳና ጋላማ የተባሉ የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ተጠቁ። በእነርሱ ምትክ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲገሉ በብዛት ተሠራጨ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 በባሌና በአርሲ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ ተነሥቶ ዲገሉን አጠቃ። ዝርያው በምርቱ የተመሰገነ ነበር፤ ጉዳቱን ያሰፋው ብዙ መሬት በእርሱ ብቻ መሸፈኑ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዋግ ብናኝ በነፋስ ይጓዛል። ሰብሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነና ለበሽታው ከተጋለጠ፣ ብናኙ ባረፈበት ሁሉ ይራባል፤ ከማሳ ወደ ማሳም ይዛመታል። ልዩ ልዩ ዝርያዎች ሲኖሩ ግን በሚቋቋመው ተክል ላይ ያረፈው ብናኝ ሳይራባ ይቀራል፤ የበሽታው ግሥጋሴም ይዘገያል።

የአገር ዘር ጥቅም

ገበሬዎቻችን የዝርያን ብዛት ጥቅም ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በትግራይ ስንዴና ገብስ ተደባልቀው ሐንፈጽ በሚል ስም ይዘራሉ። ዝናም ቢያጥር ገብሱ ይተርፋል፤ ዝናም ቢበቃ ስንዴውም ይጨመራል።

የአገር ዘር ጥቅሙ ከአገር ውጭም ታይቷል። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘው የበሽታ መቋቋም ባሕርይ የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ ድንክ ቫይረስ ለመከላከል አገልግሏል። እንዲህ ያለ ዘር ከጎተራ ከጠፋ ባሕርዩም አብሮት ሊጠፋ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ የአገር ዘር እየሰበሰበ ያቆያል፤ ሥራውን ዛሬ የሚያካሂደው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ይሁን እንጂ በባንክ የተቀመጠ ዘር ከአየሩና ከአዳዲስ በሽታዎች ጋር እየተላመደ አይሄድም። ስለዚህ የአገር ዘር በገበሬው ማሳም መቆየት አለበት።

ምን ይደረግ?

1. በአንድ ቀበሌ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት የስንዴ ዝርያዎች እንዲዘሩ ማቀድ። ስማቸው ቢለያይም የመቋቋም ባሕርያቸው አንድ ከሆነ አብረው ስለሚወድቁ፣ ምርጫውን ከምርምር ማዕከል ጋር መመካከር ይገባል።

2. ለዘር ብዜት፣ ለዱቄት ፋብሪካና ለብቅል የሚመረተውን አለመደባለቅ፤ እያንዳንዱን ዝርያ በየራሱ ማሳ መዝራት።

3. አዲስ ዝርያ ሲገባ የአገሩን ዘር በአንድ ጊዜ አለመተው። ከአጨዳ በፊት ከጤነኛ ተክሎች ዛላ መርጦ፣ በሚገባ አድርቆ ለብቻው ማስቀመጥ።

4. ማኅበሩ ከልዩ ልዩ አባላት የአገር ዘር ሰብስቦ በስሙና በተገኘበት ስፍራ እየመዘገበ እንዲያስቀምጥ፣ የመብቀል ኃይሉንም ከዘር ወቅት በፊት እንዲፈትሽ ማድረግ።

5. ሰብሉን በየሳምንቱ መመልከት፤ የዋግ ምልክት እንደታየ ሳይዘገዩ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ።

አዲስ ዝርያ ምርት ያሳድጋል፤ እኛም እንዲስፋፋ እንሠራለን። ነገር ግን የቀበሌው እንጀራ ሁሉ በአንድ ዝርያ ላይ እንዳይንጠለጠል የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ማኅበሩ ከዘር ወቅት በፊት ሊመክሩበት ይገባል።