ያውቁ ኖሯል? ክንፍ የሌለው ገብርኤል

እ.ኤ.አ. በ1898 የተሳለውን «ብሥራት» የተሰኘ ሥዕል የሚያይ ሰው መጀመሪያ መልአኩን መፈለጉ አይቀርም። ክንፍ የለ፣ የሰው መልክ የለ፤ ገብርኤል ቀጥ ብሎ የቆመ የብርሃን ዓምድ ነው። ማርያምም ከእንቅልፏ የነቃች የድኻ ቤት ልጃገረድ ናት። አንሶላው በተጨማደደ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እጆቿን አቆላልፋ፣ የእግሯ ጣቶች ከቀሚሷ ሥር ብቅ ብለው ብርሃኑን ትመለከታለች። ፍርሃቷንና እሺታዋን በአንድ ፊት ላይ ማሳየት የታላቅ እጅ ሥራ ነው።

ሠዓሊው ጥቁር አሜሪካዊው ሄንሪ ኦሳዋ ታነር ነው። በ1859 ፒትስበርግ ውስጥ ተወለደ። እናቱ በባርነት የተወለዱ ሲሆኑ አባቱ የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበሩ። ፊላደልፊያ ከቶማስ ኤኪንስ ዘንድ ሥዕል ቢማርም በጥቁርነቱ የሚደርስበት በደል አላሠራ አለው። በ1891 ፓሪስ ገብቶ በአካዴሚ ዡሊያን ትምህርቱን ቀጠለ፤ ኑሮውንም እዚያው አደረገ።

«የአልዓዛር ትንሣኤ» የተባለውን ሥራውን የፈረንሳይ መንግሥት በ1897 ገዛው። በዚያው ዓመት ባለጸጋው ሮድማን ዋናሜከር ወጪውን ችሎ ወደ ግብፅና ፍልስጤም ላከው። በ«ብሥራት» ውስጥ የምናያቸው ቤትና ልብስ የዚያ ጉዞ ፍሬ ናቸው።

በ1923 የፈረንሳይን የሌጅዮን ዶነር ኒሻን ተቀበለ፤ በ1937 ፓሪስ ላይ አረፈ። «ብሥራት» ግን በ1899 ተገዝቶ፣ ዛሬም ያለው ታነር ትቷት በሄደው በፊላደልፊያ ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው።