ቤተ ሰብን ይዞ ወደ ዛንዚባር ለመሄድ

በክረምት ዕረፍት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዛንዚባር ደሴት ለመሄድ የሚያስቡ ወላጆች ከገንዘቡ አስቀድመው ወሩን ሊመርጡ ይገባቸዋል። በዚያ ታላቁ ዝናም የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ ግን የደቡብ ነፋስ አየሩን ያቀዘቅዘዋል። በእኛ አገር ክረምት ሲሆን በዚያ በጋ ነው።

ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል፤ ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። ስለዚህ የሚስማማው ጊዜ በመካከሉ ያለው 25 ያህል ቀን ነው። ፍልሰታ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሙትና የሚያስቀድሱበት ጾም ነውና፥ ለባሕር ጨዋታ ሲባል ሊቀርባቸው አይገባም። ለረቡዕና ለዓርብ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄና ሩዝ በደሴቱ አይጠፋም።

ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለ ሆነ ነገሩን ለመጨረሻው ሳምንት ማቆየት ጉዞውን ያስቀራል። ስለ ወባ መከላከያም ሐኪምን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በምሥራቁ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ይሸሻል፥ ተመልሶም ይሞላል። እንግዲህ ሰዓቱን ከዓሣ አጥማጆች ጠይቆ፥ ልጆችን ጫማ አጫምቶ፥ ከዓይን ሳይለዩ ማጫወት ነው።

የከተማው ሕዝብ አብዛኛው እስላም ስለ ሆነ በጨዋ ልብስ መመላለስ ያስከብራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1873 ዓመተ ምሕረት የተዘጋውን የባሪያ ገበያ ስፍራም ለልጆች ማሳየት ይገባል፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ቆሞበታልና።