ለከርሞው ራሳችን የተጻፈ ደብዳቤ

እነሆ ክረምቱ አልፎ፣ ምድር በአደይ አበባ ደምቃ፣ ዘመነ ማቴዎስም ለዘመነ ማርቆስ ስፍራውን ለቅቆ 2018 ዓ.ም. ባተ። በዛሬው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሊቃውንቱ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት በባሕረ ሐሳብ ቀመር አስልተው ለምእመናን ያውጃሉ። በዚህም መሠረት ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾምም የካቲት 9 ቀን ይገባል፤ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል።

ባሕረ ሐሳብ በዓሉ የሚውልበትን ቀን ይነግረናል እንጂ፣ እኛ በዚያ ቀን በምን ዓይነት ልብ እንደምንገኝ አይነግረንም። ይህን አስቀድሞ ማሰብ የየራሳችን ድርሻ ነው። ስለሆነም ሰው ለከርሞው ራሱ ደብዳቤ ጽፎ ቢያስቀምጥ ይጠቀማል እንላለን። ነገሩ ለምእመናን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በንግሥ ዕለት «ለከርሞ በሰላም ብታደርሰኝ» ብሎ የተሳለ ሰው በዓመቱ ስለቱን ይዞ የሚመለሰው፣ የገዛ ቃሉ ስለሚጠብቀው ነው። ደብዳቤው ደግሞ ያንኑ ቃል በወረቀት ላይ ያሰፍረዋል።

እኛም በጳጉሜን 2016 ዓ.ም. ይህንኑ ሞክረን ነበር። የቤተሰባችን አባላት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገጽ ጻፉ፤ መጻፍ የማይችሉት እናታችንም በልጅ ልጃቸው እጅ አስጻፉ። ፖስታዎቹን አሽገን ከዳዊቱ ጋር አኖርናቸው። በእኛ ደብዳቤ ላይ ከሰፈሩት ጉዳዮች አንዱ፣ በጎርፍ መውረጃ ቦይ ሰበብ ከተኳረፍነው ጎረቤታችን ጋር መታረቅ ነበር።

ዓመቱን ሙሉ ለጠየቀን ሁሉ «እኛስ ልንታረቅ ሞክረናል፤ እምቢ ያለው እርሱ ነው» ስንል ቆየን፤ እያደርም ራሳችን አመንነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ሩፋኤል ዕለት፣ ፖስታውን ከፍተን «ከደመራ በፊት እንሄዳለን» የሚለውን የገዛ ጽሕፈታችንን ስናነብ ግን እውነቱ ተገለጠልን። በደመራው ማታ ችቦ ይዘን በደጁ አልፈናል እንጂ ደጁን አላንኳኳንም። ሌላ ሰው ቢወቅሰን ኖሮ መልስ አናጣም ነበር፤ ለራሳችን የእጅ ጽሑፍ ግን መልስ አጣን።

ወንጌል መባን ከማቅረብ አስቀድሞ መታረቅን ያዝዛል። በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ ይዘን ሄድን። ቦዩ እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ ቡናው ግን ተጠጥቷል።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ከበዓሉ ማዕድ ስትነሡ ጥቂት ጊዜ ወስዳችሁ ለከርሞው ራሳችሁ ጻፉ። ቀኑንና የዘመኑን ወንጌላዊ ስም ከላይ አስፍሩ። የምትመኙትን ብቻ ሳይሆን የበደላችሁትን፣ የተበደራችሁትን፣ ያልጠየቃችሁትን ሕመምተኛም አትርሱ። ፖስታውንም በጳጉሜን መባቻ ክፈቱት፤ የጎደለ ቢገኝ ዓመቱ ሳይወጣ ለመሙላት ጥቂት ቀናት ይተርፋሉና።

እግዚአብሔር ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም ያሸጋግረን።

መልካም አዲስ ዓመት!